ከሐዲዱ በታች ላለው መሬት

ሦስት ቅዳሜዎችን በአዳማ የሕንፃ መሣሪያ መደብሮች ደጃፍ ካሳለፍኩ በኋላ፣ ባለፈው ሳምንት አምስት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት ነጭ የፎም ሰሌዳዎች በጋሪ አስጭኜ ወደ ቤቴ ገባሁ። ጎረቤቶቼ ቤት ላድስ ያሰብኩ መስሏቸው እንኳን ደስ ያለህ ብለውኛል። ለአሻንጉሊት ባቡር ነው ብሎ ማስረዳቱ ረጅም ስለሚሆንብኝ አመስግኜ አለፍኩ።

ባቡሩን ያመጣልኝ ከጀርመን ለዕረፍት የመጣው የእህቴ ልጅ ነው። መጠኑ ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ ሲሆን፣ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ርቀት 16.5 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን በ87 ሲያባዙት 1435 ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል፤ እርሱም እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር የሚሄድበት ሐዲድ ስፋት ነው። የእኔ ልብ ያለው ግን እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ከደረሰው፣ በከተማችን መሐል ካለፈው ከአሮጌው ምድር ባቡር ጋር ነው። የእርሱ ሐዲድ ስፋት አንድ ሜትር ብቻ ስለ ነበረ፣ በዚህ መጠን በትክክል ለመሥራት 12 ሚሊ ሜትር የሆነውን ሌላ ዓይነት ሐዲድ መግዛት ያስፈልግ ነበር። ያንን ከየት አመጣለሁ? በእጄ ባለው እሠራለሁ ብዬ ወሰንኩ፤ ልዩነቱን የሚያውቅ እንግዳ ከመጣም ቡና አፍልቼ እይዘዋለሁ።

ልሠራው የፈለግኩት ቦታ ከአዳማ ወደ አዋሽ ሲኬድ መተሐራ አጠገብ ያለው ነው። እዚያ የበሰቃ ሐይቅ ባለፉት አሥርት ዓመታት እየሰፋ በመምጣቱ የመኪናውም ሆነ የባቡሩ መንገድ በአፈር ሙሌት ከፍ እንዲል ግድ ሆኗል፤ በዙሪያው ደግሞ ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ጥቁር ድንጋይ እስከ ፈንታሌ ተራራ ሥር ተነጥፏል። ሐዲዱን በቺፕውድ ላይ ብዘረጋው ተራራውን ከላይ መቆለል አያቅተኝም፤ ከሐዲዱ በታች መውረድ ያለበትን ውኃ ግን የማስቀምጥበት ቦታ የለኝም። ፎም ከሆነ ሐዲዱን በላዩ አሳልፎ ግራና ቀኙን ወደ ታች መቦርቦር ይቻላል። በዚያ ላይ ፎሙ አብዛኛው ክፍሉ አየር በመሆኑ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ከሳሎን ወደ ጓዳ የሚጓዘውን ሰሌዳ እኔና ልጄ ሁለታችን ብቻ ልናነሳው እንችላለን።

ፍለጋው ከስሙ ጀመረ። በመጀመሪያው መደብር «ፎም አለ?» ብዬ ብጠይቅ ባለቤቱ ወደ ጓሮ አስገብተው ቢጫ የፍራሽ ስፖንጅ አሳዩኝ፤ «ባለ ስንት ሴንቲ ይሁንልህ? ለአንድ ሰው ነው ለሁለት?» ሲሉኝ ሐይቅ ሊቦረቦርበት ነው ማለት አፍሬ ወጣሁ። በሁለተኛው «ጠንካራው፣ ነጩ፣ ለቤት ግድግዳ የሚሆነው» ብዬ ላብራራ ሞከርኩ። «ለግድግዳ ምን ያደርጋል ወንድሜ?» አለኝ ሻጩ። ብርድ እንዳይገባ ነው ስለው መጥረቢያ የሚያማርጠውን ደንበኛ ጭምር አስቆ «አዳማ ላይ ደግሞ ብርድ የት አለና!» ብሎ ሸኘኝ።

እውነቱን ነው። ሮዝ ወይም ሰማያዊ ቀለም ያለው ጠንካራ የፎም ሰሌዳ በብርድ አገሮች ለግድግዳና ለወለል ሙቀት መያዣ የሚገዛ ተራ የግንባታ ዕቃ ነው፤ የአሻንጉሊት ባቡር ሠሪዎቹም ያገኙት ከዚያው ከግንበኛው መደርደሪያ ነው። በእኛ ከተማ ቤት የሚሠራ ሰው የሚጨነቀው ለቆርቆሮውና ለነፋሱ እንጂ ለብርዱ ስላልሆነ፣ እኔ የምፈልገው ነገር በዚህ ስም የሚቀመጥበት መደርደሪያ የለም። ይህን ቀደም ብዬ አስቤው ቢሆን ኖሮ ሁለት ቅዳሜ አተርፍ ነበር። መጠየቅ የነበረብኝ ዕቃው በውጭ አገር ለምን እንደሚውል ሳይሆን፣ በእኛ ከተማ ማን ምን ሊሠራበት እንደሚገዛው ነበር።

በመካከሉ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ የፍሪጅ ማሸጊያ ፎም በነፃ ሰጠኝ። ቅርጹ ጎድጎድና ጉብታ የበዛበት ስለ ነበረ ለወለልነት ባይሆንም፣ አንዱን ተራራ ልሞክርበት ብዬ ሁለት ቁራጭ በጫማ ሰፊው ማስቲሽ ላጣብቅ ተነሣሁ። ማስቲሹን በጣቴ ቀብቼ ጥቂት ስጠብቅ ፎሙ በዝግታ ማላብ ጀመረ፤ ቀጥሎ መሐሉ ሰምጦ ጠርዙ እንደ ተነከሰ ዳቦ ሆነ፤ በመጨረሻም ከጣቴ ጋር እንደ ማስቲካ የሚሳብ ነገር ብቻ ቀረ። በማስቲሽ ውስጥ ያለው ማሟሚያ ፎሙ የተሠራበትን ፖሊስትሪን የተባለ ፕላስቲክ ያቀልጠዋል፤ ቤንዚንም ሆነ የዘይት ቀለም ማቅጠኛ እንዲሁ ያደርጉታል። ለፎም የሚሆነው በውኃ የሚቀጥነው የአናጢ ኮላና የውኃ ቀለም መሆኑን በአንድ ተራራ ዋጋ አወቅሁ።

ፎሙን ያገኘሁት በመጨረሻ የባለቤቴ እህት ልጅ ሠርግ ላይ ነው። ከሙሽሮቹ ወንበር በስተጀርባ ስማቸው በትልልቅ ነጭ ፊደላት ቆሞ ነበር፤ እራት ከተነሣ በኋላ ጠጋ ብዬ በጥፍሬ ጫን ብለው ጠንካራ ፎም ነው። በማግስቱ የዲኮር ሥራውን ወደ ሠራችው ወጣት ሱቅ ሄድኩ። ከግድግዳው ጋር የተደገፉት ሰሌዳዎች ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር ነበሩ። የምሠራውን ስነግራት አልሳቀችም፤ «ጋሼ፣ በቢላ እንዳይቆርጡት፣ ይፈረፈርብዎታል» ብላ በኤሌክትሪክ የጋለ ቀጭን ሽቦ በሁለት እንጨቶች መካከል የወጠረችበትን መቁረጫ አሳየችኝ። ሽቦው በፎሙ ውስጥ ያለ ድምፅ ሲያልፍ የተቆረጠው ጎን እንደ ተተኮሰ ጨርቅ ለስልሶ ይቀራል። ሽታው ግን ራስ ያዞራል፤ እርሷም በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ፣ ፊቷን ወደ ውጭ መልሳ ነው የምትቆርጠው።

ምክሯን ሰምቼ ገዛሁ፤ የአዳማን የከሰዓት ነፋስ ግን ሁለታችንም ረስተነው ነበር። ከከተማው ዳር በኮረብታው ላይ የቆሙትን የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች የሚያሽከረክረው ያው ነፋስ ጋሪው ላይ የጫንኩትን ሰሌዳ ሲያገኘው እንደ ሸራ ወጠረው፤ ባለ ጋሪው «ጋሼ፣ ተኛበት!» ብሎ ሲጮህ በሆዴ ተኛሁበት። የሚያውቁኝ ሁለት ተማሪዎች በባጃጅ ሲያልፉ ሰላም አሉኝ። ከሰሌዳው ላይ ሳልነሣ በእጄ መለስኩላቸው።

መቁረጫ ሽቦ ስለሌለኝ እሁድ ጠዋት የሐይቁን ዳርቻ በቢላ ጀመርኩ፤ እንደ ተባለውም ተፈረፈረ። ጤፍና ማሽላ የሚያካክሉት ነጭ ቅንጣቶች ሱሪዬ ላይ ተለጥፈው በእጅ ሲያራግፏቸው ወደ እጅ ይዞራሉ፤ ነፋሱ ወደ ግቢው የበተናቸውን ደግሞ የጎረቤት ዶሮዎች ጥሬ መስሏቸው መልቀም ጀመሩ። ሥራውን አቁሜ ከልጄ ጋር ግማሽ ቀን ስንለቅም ዋልን። ከዚያ በኋላ የምቆርጠው በር ዘግቼ፣ መሬቱን ውኃ አርከፍክፌ ነው። አንድ ሌላ ደንብም አውጥቻለሁ፦ ይህ ዕቃ እሳት ቶሎ ስለሚይዝና ጭሱ ጥቁርና መርዛማ ስለሆነ፣ መብራት በጠፋ ጊዜ ወደዚያ ክፍል ሻማ አይገባም።

አሁን ሁለቱ ሰሌዳዎች ተደራርበዋል። የሐይቁ ወለል ከሐዲዱ አራት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሏል፤ ለጥቁሩ ድንጋይ መሸፈኛ የሚሆነው ጀሶና የቁስል ፋሻም ተገዝቷል። ሰሌዳዎቹን በኮላ አጣብቄ ሁለት የጤፍ ጆንያ የጫንኩባቸው ማክሰኞ ነበር። ኮላ የሚደርቀው ውኃው ሲወጣለት ነው፤ በሁለት ፎም መካከል ግን ውኃው መውጫ የለውም። ሐሙስ ማታ ጥጉን ቀስ ብዬ በጣቴ ገለጥ ባደርገው ዳር ዳሩ ደርቆ መሐሉ ገና እንደ ወተት ነጭ ነበር። ጆንያዎቹን መለስኩባቸው። ባለቤቴ ለእንጀራው ጤፍ ከየትኛው ጆንያ እንደምትቀዳ ጠይቃኛለች፤ ከዳርኛው፣ ግን እስከ እሁድ ባይነካ እንደሚሻል ነግሬያታለሁ።