የአራተኛው ፎቅ ስዊች ማታ ማታ ለምን ይጠፋ ነበር

የምሠራበት ሕንፃ ለገሃር አካባቢ ነው፤ ባለ ሰባት ፎቅ። አራተኛው ላይ ሒሳብ ክፍል አለ። የሌሊት ባክአፓቸው (የፋይሎቻቸው መጠባበቂያ ቅጂ) ሁለት ሳምንት ሙሉ እየተቋረጠ አስቸገረን። ጠዋት ስገባ ኃላፊዋ ደረጃው ላይ ትጠብቀኛለች። "ወንድሜ፣ ዛሬም የለም።" ብትጨነቅ እውነቷን ነው፤ የሠራተኛው ሁሉ ደመወዝ ያለው እዚያ ፋይል ውስጥ ነው።

የፎቁን ኮምፒውተሮች ከኔትወርኩ ጋር የሚያገናኘውን ስዊች ገብቼ አየሁት። አሮጌ ሲስኮ ነው። ሎጉ፣ ማለትም የሆነውን ሁሉ የሚጽፍበት መዝገብ፣ የሚጀምረው ከማርች 1 ቀን 1993 ነው። ሰዓት የሚይዝለት ባትሪ ስለሌለው በተነሳ ቁጥር ከዚያች ቀን ይጀምራል። ሎጉ ያለው ሜሞሪ ላይ ስለሆነ ደግሞ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ጠዋት እንደተነሳ አወቅኩ፤ ማታ መቼ እንደጠፋ ግን የሚነግረኝ አጣሁ።

ከዕቃ ክፍል አንድ ዴስክቶፕ አውጥቼ ሎግ ሰብሳቢ ሰርቨር እንዲሆን ኡቡንቱ ሊኑክስ ጫንኩ። አርሲስሎግ የሚባለው ፕሮግራም የስዊቾቹን ሎግ በዩዲፒ 514 (ለሎግ በተለመደው የኔትወርክ በር) እንዲቀበል፣ የየስዊቹንም ሎግ በየፋይሉ እንዲለይ አደረግኩ። ስዊቾቹ ላይ ሥራው አጭር ነው፤ "ሎጊንግ ሆስት" ብሎ የሰርቨሩን አይፒ አድራሻ መስጠት። የሲስሎግ (የእነዚህ መልእክቶች) የክብደት ደረጃ ከ0 እስከ 7 ነው፤ 0 ከሁሉ የከፋው። እኔ እስከ 6 ወሰድኩ። 7 ዲበግ፣ ማለትም ጥቃቅን ዝርዝር ሁሉ ነው፤ የምትፈልጉት መልእክት በጫጫታው ይዋጣል።

አደራ፣ ሰዓታቸውን በኔትወርክ የሚያስተካክለውን ኤንቲፒን አትዝለሉ! የሁሉም ሰዓት አንድ ካልሆነ የሁለት ስዊቾችን ሎግ ጎን ለጎን ማንበብ አይቻልም።

ማታ የአራተኛው ፎቅ ስዊች ምንም ሳይናገር ጠፋ። መብራት የተቋረጠበት እንዴት ይናገራል? የተናገረው ምድር ቤት ያለው ዋናው ስዊች ነው፤ እሱ መብራት ሲሄድ በባትሪ በሚያቆየው ዩፒኤስ ላይ ነው። ወደ አራተኛ የሚወጣው ፖርት (የገመዱ መሰኪያ) 22:12 ላይ ዳውን ሆኗል፤ ግንኙነቱ ተቋርጧል። በማግስቱ 22:09። በሦስተኛው ቀን 22:14። በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት አለፍ ሲል ማለት ነው። የከተማው መብራት መቋረጥ ቢሆን በየቀኑ በዚያው ሰዓት አይመጣም። የሰው እጅ አለበት።

በአራተኛው ቀን አመሸሁ። 4 ሰዓት ከ10 ላይ የጥበቃው ጋሼ ባትሪያቸውን ይዘው መጡና የብሬከር ሳጥኑን ከፈቱ።

"ጋሼ፣ ምን እያጠፉ ነው?"

"የፎቁን መብራት ነዋ ልጄ። አብርተውት ይሄዳሉ። እሳት ቢነሳስ?"

ሕንፃውን እንደ ቤታቸው ነው የሚጠብቁት። የስዊቹ ሶኬት በዚያው ብሬከር እንደሚሄድ የነገራቸው የለም፤ እኔም አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ኤሌክትሪሺያን ጠርተን የስዊቹን መስመር ለብቻው አስወጣነው። ጋሼ መብራቱን እንደ ልማዳቸው ያጠፋሉ። ትናንት ማታ ከቤቴ ሆኜ ሎጉን ከፍቼ ጠበቅኩ። 4 ሰዓት ከሩብ አለፈ፤ 5 ሰዓት ሆነ። የአራተኛው ፎቅ ፖርት አልወረደም።