ቁልቁለቱ የት ጠፋ?

በብስክሌት ጉዟችን የመጀመሪያ ቀን ማታ ድንኳን ውስጥ ቪዲዮውን ስንከፍተው ጓደኛዬ ትንሽ ዝም ብሎ አየና «ይሄ የቱ ጋ ነው?» አለኝ። ጠዋት ወገቤን ከኮርቻው ኋላ አውጥቼ፣ ሁለቱንም ፍሬን ይዤ፣ ልቤ እየመታ የወረድኩት ገደል ነበር። ስክሪኑ ላይ ግን ሜዳ ነው። ድንጋዮቹ ጠጠር አክለዋል፣ እኔ ደግሞ የትም የለሁም።

ካሜራው የነበረው ሄልሜቴ አናት ላይ ነው። በዝግጅት በኩል አልሰነፍኩም፤ ከጉዞው ሁለት ቀን አስቀድሜ ሄልሜቱን በአልኮል ጠርጌ ነው ማጣበቂያውን የለጠፍኩት። ማጣበቂያው አጥብቆ እስኪይዝ 24 ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ ጠዋት ለጥፎ ረፋድ ላይ የሚወጣ ሰው ካሜራውን ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ ሲፈልግ ሊውል ይችላል። የእኔ ችግር ሌላ ነው። ሰፊው ሌንስ ፊት ለፊት ያለውን አርቆና አሳንሶ ያሳያል። ቁልቁል ሳይ ካሜራውም አብሮኝ ስለሚያጎነብስ ቁልቁለቱን የሚያሳብቅ ነገር ፍሬሙ ውስጥ አይገባም። የማረጋጊያው ሶፍትዌር ደግሞ የቀረውን ንዝረት ለቅሞ ጣለው።

ከሰዓት በኋላ ይባስ ብሎ ቁመቴ መጨመሩን ረስቼ ዝቅ ባለ ቅርንጫፍ ሥር ገባሁ። ቅርንጫፉ ካሜራውን ሲይዘው አንገቴ ወደ ኋላ ተጎተተ፤ የቀረው ቪዲዮ ሰማይ ብቻ ነው። ለቪዲዮ ብሎ አንገትን ማስያዝ ሞኝነት ነውና በነጋታው ከአናቴ አወረድኩት።

ሁለተኛው ቀን የብስክሌቱ መሪ ተራ ነበር። እጀታው አጠገብ በብሎን አሰርኩት፣ በቀጭን ገመድም ደገፍኩት። ስለዚያ ቀን ብዙ የምለው የለኝም። ድንጋያማው መንገድ ላይ ምስሉ እንደ ጄሊ ተርገፈገፈ፤ ካሜራው ምስሉን መስመር በመስመር ስለሚያነብ መሪው በፍጥነት ሲንቀጠቀጥ መስመሮቹ ይዛነፋሉ። ድምፁም የፍሬን ሽቦ መንጓጓት ብቻ ነበር። ብሎኑ ደግሞ ቀስ በቀስ ላልቶ ካሜራው አንገቱን ደፋ፤ ግማሽ ሰዓት ሙሉ የፊት ጎማዬን ቀርጿል። ጎማው ይሽከረከራል። ሌላ ምንም የለም።

የዚያን ዕለት ማታ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ጎፕሮ የተባለው የካሜራ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2004 ለገበያ ያወጣው የመጀመሪያ ካሜራ በ35 ሚሊሜትር ፊልም የሚሠራ፣ የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰር ነበር፤ የባሕር ሞገድ ላይ ለሚንሸራተቱ ሰዎች ታስቦ። እንዲህ ያለው ካሜራ ከመነሻው ሰውነት ላይ እንዲታሰር የተሠራ ነገር ነው ማለት ነው። ከቦርሳዬ ሥር የደረት ማሰሪያውን አወጣሁ።

የደረት ማሰሪያ የራሱ ተንኮል አለው። ጠዋት ቆሜ አስተካክዬው ነበር፤ ብስክሌቱ ላይ ወጥቼ ስጎነበስ ግን የሚያየው የመሪውን ግንድ ሆነ። ቆሞ መለካት ዋጋ የለውም። ጓደኛዬ ብስክሌቱን ያዘልኝና ልክ እንደምወርድ ሆኜ ክርኔን ከፍቼ ደረቴን ዝቅ አደረግሁ፤ እሱ ስክሪኑን እያየ «ቀና አድርገው፣ አሁንም ቀና» ይለኛል። ካሜራው ከዚያ በላይ አልቀና ሲል ገልብጠን አሰርነው፤ ሲገለበጥ መያዣው ወደ ላይ ለማዘንበል የበለጠ ቦታ ይሰጣል፣ የተገለበጠውን ምስል ደግሞ ካሜራው ራሱ ያቃናዋል። ማሰሪያውንም ትንፋሽ እስኪያሳጥረኝ ድረስ አጠበቅሁት። ላላ ያለ እንደሆነ በየጉድጓዱ ይዘላል።

ዳገቱን ስወጣ አጠፋሁት። ደረት ላይ ያለ ካሜራ ዳገት ላይ የሚቀርጸው ሁለት ጉልበት ወደ ላይ ወደ ታች ሲል ነው፤ ባትሪውም ለቁልቁለቱ ይተርፋል። ጫፍ ላይ ስንደርስ በሰከንድ 60 ፍሬም እንዲቀርጽ አድርጌ ከፍቼው ወረድኩ።

ጥድ የበዛበት ክፍል ላይ ምስሉ ብዥ ብሏል። ብርሃን ሲያንስ ካሜራው ለእያንዳንዱ ፍሬም ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳል፤ ማረጋጊያው መንቀጥቀጡን እንጂ ብዥታውን አያጠፋም። ደግሞ የትንፋሼ ድምፅ ከነፋሱ በላይ ይሰማል፤ ላጠፋው አስቤ ተውኩት።

ማታ እንደገና ከፈትነው። አሁን ክንዶቼ አሉ፣ ጓንቴ አለ፣ መሪው በየድንጋዩ ሲመታና ክርኔ ሲታጠፍ ይታያል። ያ የመጀመሪያው ቀን ገደል ላይ መሪው ድንገት ወደ ታች ሲጠፋና ክንዶቼ ተከትለውት ሲዘረጉ ጓደኛዬ ምንም አላለም። ብቻ የቀኝና የግራ አመልካች ጣቶቹን ወደ ውስጥ አጠፋቸው፤ ፍሬን ያዘ።