ምንም ሳይወሰድ በርግላሪ፦ የሜሪላንድ ክስና 365ኛዋ ቀን

ሜሪላንድ ውስጥ አንድ ሰው በበርግላሪ፣ ማለትም የሰው ቤት ወይም ሱቅ ሰብሮ በመግባት፣ ሲከሰስ ከቤተሰቡ አፍ ቀድሞ የሚወጣው «ምንም አልወሰደም እኮ!» የሚለው ነው። አገር ቤት፣ ሰብሮ መግባት ስርቆቱን የሚያከብድ ነገር ሆኖ ስለሚታወቅ እንዲህ ማሰባቸው አያስደንቅም። የሜሪላንድ ሕግ የሚጠይቀው ግን ያለ ፈቃድ ገብቷል ወይ፣ ሲገባስ ምን አስቦ ነበር የሚለውን ነው። ዕቃ አለመወሰዱ ክሱን አያፈርሰውም።

«መስበር» የሚለው ቃልም ያሳስታል። ቁልፍ መገንጠል ወይም መስኮት ማውለቅ አያስፈልግም፤ ያልተቆለፈ ግን የተዘጋ በርን እጀታውን ይዞ መግፋት ይበቃል። ወለል ብሎ በተከፈተ በር መግባት ደግሞ በራሱ መስበር አይባልም። ስለዚህ በሩ እንዴት እንደነበር፣ ቁልፉን ማን እንደሰጠ ለጠበቃው ትልቅ ነገር ነው። ቀድሞ እዚያ ቤት ይኖር የነበረ፣ ልብሱን ሊወስድ የተመለሰ ሰው ከሆነ የኪራይ ውሉንና «ና ውሰድ» የሚለውን የስልክ መልእክት እንዳያጠፋ።

ክሱ አራት ደረጃ አለው። ለመስረቅ አስቦ የሰው መኖሪያ ሰብሮ መግባት አንደኛ ደረጃ ሲሆን እስከ 20 ዓመት ያስቀጣል። ሱቅና መጋዘን ሲሆን ሁለተኛ ደረጃ፣ እስከ 15 ዓመት ነው። መኖሪያ ቤት ሆኖ ሐሳቡ ሌላ ወንጀል ለመፈጸም ከሆነ ሦስተኛ፣ እስከ 10። ሦስቱም ፌሎኒ፣ ማለትም ከባድ ወንጀል፣ ናቸው። አራተኛው ሚስዲሚነር (ቀለል ያለ ወንጀል) ነው፣ እስከ 3 ዓመት፤ ለመስረቅ አስቦ በሰው ግቢ ውስጥ መገኘት እንኳ እዚህ ውስጥ ይወድቃል።

የተያዘ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ኮሚሽነር ፊት ይቀርባል፤ ይህ መልቀቅ ወይም ማቆየትን መጀመሪያ የሚወስን የፍርድ ቤት ሹም ነው። ካልተለቀቀ የዋስትናውን ጉዳይ ዳኛ ያየዋል። ክሱ ፌሎኒ ከሆነ ማስረጃው የሚፈተሽበትን ፕሪሊሚነሪ ሂሪንግ እዚያው ወይም በ10 ቀን ውስጥ መጠየቅ አለበት፤ ካልጠየቀ ያልፈዋል።

ብዙ ጉዳይ የሚበላሸው ከዚያም በፊት ነው። «ላስረዳቸው» ብሎ ለፖሊስ «ገፋ አድርጌ ገባሁ» ያለ ሰው መግባቱን በገዛ አፉ አረጋገጠ። ያቺ «ገፋ አድርጌ» ደግሞ በዘመድ አስተርጓሚ «በኃይል» ሆና ልትጻፍ ትችላለች። «ጠበቃ እፈልጋለሁ» ብሎ ዝም ማለት ይሻላል። ፍርድ ቤት የአማርኛ አስተርጓሚ በነፃ ይመድባል፤ መጠየቅ ብቻ ነው።

ዜጋ ላልሆነ ሰው ደግሞ ከእስሩ የከፋ አለ። ዳኛው አንድ ዓመት ፈርዶ ሙሉውን በገደብ ቢያግደው ቤተሰቡ እፎይ ብሎ ይወጣል። የኢሚግሬሽን ሕግ ግን የታገደውንም ቀን ይቆጥራል። በበርግላሪ ወይም በስርቆት አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የተፈረደበት ሰው፣ ክፍለ ግዛቱ ሚስዲሚነር ቢለው እንኳ፣ «አግራቬትድ ፌሎኒ» (ኢሚግሬሽን እጅግ ከባድ የሚለው ወንጀል) ሊባልበት ይችላል። ያኔ ጥገኝነትም ዜግነትም ይዘጋበታል፤ ግሪን ካርዱም ሊነጠቅ ይችላል። ጠበቆች ስለ 364 ቀን የሚከራከሩት ለዚህ ነው፤ አንዲት ቀን ናት ልዩነቱ።

364 ቀን ማግኘትም ሁልጊዜ አያድንም። ሰውየው አሜሪካ በገባ በ5 ዓመት ውስጥ ለተፈጸመ አንዳንድ ወንጀል፣ ለመባረር የሚታየው የተፈረደበት ሳይሆን ሕጉ የሚፈቅደው ከፍተኛ ቅጣት ነው። ከጥር 2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ያለ ሕጋዊ ፈቃድ የገባ ሰው በበርግላሪ መያዙ ወይም መከሰሱ ብቻ፣ ሳይፈረድበት፣ ኢሚግሬሽን ያለ ዋስ እንዲያስረው ያደርጋል።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2010 የወንጀል ጠበቃ ስለ መባረር አደጋ ለደንበኛው የመንገር ግዴታ እንዳለበት ወስኗል። ጠበቃው ግን የሚነግረው ሁኔታውን ካወቀ ነው። ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ከመፈረም በፊት ምን ዓይነት ወረቀት እንዳለው፣ አሜሪካ የገባበትን ቀንና የቀድሞ ክስ ካለ አንድ በአንድ ይንገረው። «ይህን ፕሊ (የጥፋተኝነት ስምምነት) ብቀበል ኢሚግሬሽን ላይ ምን ያመጣብኛል?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበል።