ወንድሜን ከመጠጥ ላወጣልኝ አምላክ ክብር ይሁን

ይህን ምስክርነት የምጽፈው ወንድሜን አስፈቅጄ ነው። ስሙን ግን አልጠራም። እሱ የሚሄድበት ማኅበር የአባላቱን ስም በአደባባይ አያነሳም፤ እኔም ያንን አከብራለሁ።

የምንኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ታናሼ ስለሆነ «እቴቴ» ነው የሚለኝ። በቢራ ጀመረ፣ ከዚያ ቮድካ መጣ፣ በመጨረሻ ጠዋት ሳይቀምስ ከአልጋ መውረድ አቃተው። ቡና አፍልቼ ስሰጠው ሲኒውን በሁለት እጁ ይይዛል። ያም ሆኖ እየተንቀጠቀጠ ይፈስበታል።

ያልጸለይኩት ጸሎት የለም። በየወሩ በ16 ኪዳነ ምሕረትን ተማጽኛለሁ፣ ጥላ ላስገባ ተስያለሁ። ጠበልም ወሰድኩት። ትንሽ ቀን ደህና ይሆንና ይመለስበታል። ሰው «ራስህን መግዛት አቅቶህ ነው እኮ» ሲለው አንገቱን ይደፋል። ማታ ክፍሉ ውስጥ ሲያለቅስ እሰማዋለሁ።

መንገዱን ያሳዩን የንስሐ አባታችን ናቸው። «ልጄ፣ ጠበሉን አትተዉ፤ ሐኪሙም ግን የእግዚአብሔር ነው። በአንዴ አቁም ብለሽ ቤት እንዳትዘጊበት» አሉኝ። እግዚአብሔር ይስጣቸው። ለካ ለረጅም ጊዜ በየቀኑ ሲጠጣ የኖረ ሰው ድንገት ሲያቆም ሊያንዘፈዝፈው፣ የሌለ ነገር ሊያይ፣ ሊሞትም ይችላል! ወንድሜ ሆስፒታል ተኝቶ፣ በመድኃኒት እየተረዳ ነው ያቆመው። ሊወጣ ሲል አንዲት ነርስ «አሁን የሚያስፈልግህ ሰው ነው» አለችውና አልኮሆሊክስ አኖኒመስ፣ በአጭሩ ኤ.ኤ.፣ የሚባለውን፣ መጠጥ ማቆም የሚፈልጉ ሰዎች እርስ በርስ የሚረዳዱበትን ማኅበር ስብሰባ እንዴት እንደምንፈልግ አሳየችን።

ሚቲንግ ጋይድ የሚባል ነጻ አፕ አለ። ስልክሽ ላይ ስትከፍቺው በአካባቢሽ ያሉትን ስብሰባዎች ከነቀናቸውና ከነሰዓታቸው ይደረድርልሻል። «ክፍት» የተባለው ላይ ቤተሰብም ይገባል፤ «ዝግ» የተባለው መጠጥ ማቆም ለሚፈልጉ ብቻ ነው። ብቻውን ቢሄድ ከደጅ እንደሚመለስ ስለማውቅ ክፍቱን መረጥኩ። ክፍያ የለውም፣ መታወቂያ የሚጠይቅም የለም። ቦታው ከቤታችን በእግር የሚደረስ የፈረንጆች ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ነበር። ስንት ጊዜ በደጁ አልፌአለሁ!

በሩ ላይ ስንደርስ ወንድሜ ቆመ። «እቴቴ፣ የሚያውቀኝ ሐበሻ ቢኖርስ?» አለኝ። «ካለም አንተ በመጣህበት ጉዳይ ነው የመጣው» አልኩት። ገባን።

አንድ ሸምገል ያሉ ሰውዬ ቡና ይቀዳሉ። የወንድሜን እጅ አዩት። ምንም አላሉም። ኩባያውን እስከ ግማሽ ብቻ ቀድተው ሰጡት። እንዳይፈስበት ነው። እንባዬ መጣ። እኔ እህቱ፣ እየወደድኩት፣ ሲኒውን ሁልጊዜ እስከ አፉ ሞልቼ ነበር የምሰጠው። የእሳቸውም እጅ አንድ ጊዜ እንደዚያ ይንቀጠቀጥ ስለነበር አወቁ።

ኋላ የማኅበሩን ታሪክ ሳነብ አጀማመሩም ይኸው ሆኖ አገኘሁት። በፈረንጆቹ 1935፣ ኦሃዮ ውስጥ፣ አክሮን ከተማ ነው። ቢል ዊልሰን የተባለ የኒውዮርክ ሰው መጠጥ ካቆመ ወራት ሆኖታል። ለሥራ ሄዶ ነገሩ አልሳካ አለው፤ ሆቴል ውስጥ ብቻውን ሆኖ መጠጡ ይጠራዋል። ስልክ አንሥቶ ለአንድ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ደወለ። የፈለገው እንደሱ በመጠጥ የተቸገረ፣ ሊያነጋግረው የሚችል ሰው ነበር። በዚያች ስልክ ሰበብ እንደሱ በመጠጥ ከተቸገረ ሐኪም፣ ከዶክተር ቦብ ስሚዝ ጋር ተገናኙ፤ ማኅበሩም ከዚያ ተወለደ። ይህን እንዲያው አጋጣሚ ነው ብዬ አላልፈውም።

ስብሰባው ሲያልቅ ሁሉም ተነሥተው እጅ ለእጅ ተያያዙና «አባታችን ሆይ»ን ደገሙ። ሁሉም ቡድን በዚህ ጸሎት አይዘጋም። ያ ቡድን ግን በዚያ ዘጋ። እነሱ በእንግሊዝኛ ሲሉ ወንድሜ በአማርኛ ይላል። «ከክፉ ሁሉ አድነን» ላይ ሲደርስ እጄን ጨመቀኝ። ጸሎቴ እንደተሰማ ያወቅኩት እዚያ ነው።

አንዳንድ ወገኖቻችን «ሃይማኖት ያስለውጣሉ» ይላሉ። እኔ ያየሁትን ልመስክር። ስለ እምነቱ የጠየቀው የለም፣ ማተቡ እስከ ዛሬ አንገቱ ላይ ነው። ቅዳሴ ያስቀድሳል፣ ስብሰባውንም አያስታጉልም። መጠጥ ሲያምረው የሚደውልለት ስፖንሰር፣ ማለትም ቀድሞት መጠጥ ያቆመ የማኅበሩ አባል፣ አለው፤ እኩለ ሌሊትም ቢሆን ያነሣለታል። እኔም ለጠጪ ቤተሰቦች የተቋቋመውን አል-አኖን ጀምሬአለሁ። ስንት ነገር በሆዴ ይዤ እንደኖርኩ እዚያ ነው ያወቅኩት።

ካቆመ ዓመት አልፎታል፤ ክብር ለመድኃኔዓለም! ስለቴንም አስገብቻለሁ። አሁን እማዬን ሊያይ ጎንደር ለመሄድ ቲኬት ቆርጧል። ስብሰባውን እዚያ ሆኖ በዙም ይከታተላል። ጠላና አረቄ ለእንግዳ የሚቀርብበት አገር ነውና እማዬ ከወዲሁ ጎረቤቱን እየዞረች ነው። «ልጄን አንዲት ብቻ ቅመስ እንዳትሉብኝ» ትላቸዋለች።