የጋላክተስ ኃይል ከራሱ ነው ወይስ ከመሣሪያው?

የማርቭል ኮሚክ አንባቢዎች ስለ ጋላክተስ በተከራከሩ ቁጥር ከሚነሡት ሐሳቦች አንዱ፣ ይህ ፕላኔት የሚበላ ግዙፍ ፍጡር የሚፈራው በማሽኖቹ ምክንያት ነው፣ ማሽኖቹና ጥሩሩ ቢወሰዱበት ግን ከቁመቱ በቀር የሚያስፈራ ነገር አይቀርለትም የሚለው ነው። ሐሳቡ መነሻ አለው። ጸሐፊው ስታን ሊና ሠዓሊው ጃክ ከርቢ እ.ኤ.አ. በ1966 ፋንታስቲክ ፎር በተባለው የጀግኖች ቡድን ኮሚክ 48ኛ ቁጥር ካስተዋወቁት በኋላ የምናየው ጋላክተስ፣ በኒው ዮርክ ባክስተር ሕንፃ አናት ላይ ቆሞ፣ የምድርን ኃይል ወደ ምግብነት የሚለውጥለትን ማሽን ሲገጣጥም ነው። አምላክ የሚመስል ፍጡር እንደ መሐንዲስ ሲሠራ ማየት እስከ ዛሬ ድረስ ከሚደንቁኝ የከርቢ ሥዕሎች አንዱ ነው።

ይሁን እንጂ የሚበላበት ዕቃና ኃይሉ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ታሪኩ ራሱ ደጋግሞ ያሳያል። ጋላክተስ ከእኛ ዓለም በፊት በነበረውና በጠፋው ዓለም፣ ታ በምትባል ፕላኔት የኖረ ጋላን የተባለ ሰው ነበር፤ የዚያ ዓለም ፍጻሜ ሲደርስ ሌላው ሁሉ ሲሞት እርሱ ብቻ ተለውጦ ወደ አዲሱ ዓለም ተሻገረ። ለውጡ በሰውነቱ ላይ የደረሰ ነው። ጥሩሩም በውስጡ ያለውን ኃይል የሚገታና የሚቆጣጠር ሆኖ ነው የተተረከው፤ ግድብ ወንዙን እንደማይፈጥረው ሁሉ ጥሩሩም ኃይሉን አልፈጠረውም። እንዲያውም ጥሩሩ ቢሰበር የሚያሳስበው የጋላክተስ መድከም ሳይሆን የታፈነው ኃይል መፍሰስ ይመስለኛል።

ለእኔ ከሁሉ የበለጠው ማስረጃ ቀድመው እየሄዱ የሚበላቸውን ፕላኔቶች የሚፈልጉለት መልእክተኞቹ ናቸው። ዜን-ላ የምትባለው ፕላኔት ሰው ኖሪን ራድ፣ በሰሌዳ ላይ ቆሞ በጠፈር የሚበርረው መልእክተኛ ሲልቨር ሰርፈር የሆነው ጋላክተስ ከራሱ ኃይል ቆርሶ ስለ ሰጠው ነው፤ ለዚህ ማሽን አላስፈለገውም። መንሣት ሲፈልግም እንዲሁ በፈቃዱ ብቻ ይነሣል፤ ሰርፈርን ባመፀበት ጊዜ በምድር ላይ አስሮት ሄዷል፣ እ.ኤ.አ. በ1982 በወጣው የጆን በርን ታሪክ ደግሞ ሌላውን መልእክተኛውን ቴራክስን ኃይሉን ገፎ ተራ ፍጡር አድርጎታል። በአንጻሩ የፋንታስቲክ ፎር ጠላት ዶክተር ዱም በ1966 መጨረሻ በጀመረው ታሪክ የሰርፈርን ኃይል የዘረፈው በመሣሪያ ነበር፤ በሰርፈር ሰሌዳ ላይ ሆኖ ዓለምን አስጨነቀ፣ ነገር ግን ጋላክተስ ሰርፈርን ለማሰር በምድር ዙሪያ ካኖረው አጥር ጋር ሲጋጭ የዘረፈውን ሁሉ አጣ። በማሽን የመጣው ኃይል የዱም ሆኖ አልጸናም። የሰርፈርም ቢሆን የተሰጠ ኃይል እንጂ ከራሱ የመነጨ አይደለም፤ ምንጭ ሊባል የሚችለው ጋላክተስ ብቻ ነው።

በዚህ ሁሉ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ እንዳለ አምናለሁ። በመጀመሪያው ታሪክ ጋላክተስን ያስቆመው፣ ከፋንታስቲክ ፎር አባላት ጆኒ ስቶርም ከጋላክተስ መኖሪያ ያመጣውና ሪድ ሪቻርድስ በእጁ የያዘው ትንሽ መሣሪያ፣ አልቲሜት ነሊፋየር፣ ነበር። መሣሪያው የራሱ የጋላክተስ ንብረት ሆኖ ሳለ ጌታው ፈርቶት ምድርን ትቶ መሄዱ፣ ቴክኖሎጂ ከባለቤቱ ሊበልጥ እንደሚችል ያሳያል። ግን ይህ የሚያስረዳው ጋላክተስን ሊያጠፋው ስለሚችለው ነገር ነው፤ የጋላክተስ ኃይል ከየት እንደሚመነጭ አያስረዳም።

የኃይሉ እውነተኛ ወሰን ረሃቡ ነው። በዚያው በ1982ቱ ታሪክ ጋላክተስ በማንሃተን ሊሞት የደረሰው ዕቃ ስለ ተሰበረበት ሳይሆን ስለ ራበው ነበር፤ እነ ሪድ ሪቻርድስም ፕላኔት የሚበላውን ፍጡር ከሞት አዳኑት። ይህ ውሳኔ በኋላ ሪድን ለፍርድ አቅርቦታል። የሚራብ ነገር ሕያው ነው፤ ማሽን ነዳጅ ቢያልቅበት ይቆማል እንጂ አይሞትም።

ሌሎቹን የማርቭል ግዙፍ የጠፈር ፍጡራን፣ ሰለስቲያሎቹን፣ በዚህ ሚዛን መመዘን ግን ይከብደኛል። ከርቢ እ.ኤ.አ. በ1976 ኢተርናልስ በተባለው ኮሚክ ሲፈጥራቸው ፊታቸውን ሸፍኖ፣ የቱ ጥሩር የቱ አካል እንደሆነ እንዳይለይ አድርጎ ሣላቸው፤ ንግግር እንኳ እምብዛም አልሰጣቸውም። በ2014 በወጣው የጋርዲያንስ ኦቭ ዘ ጋላክሲ ፊልም የአንዱ ሰለስቲያል የተቆረጠ ራስ ኖዌር የተባለ ሰፈር ሆኖ፣ ከውስጡ አጥንትና የአንጎል ሥጋ በማዕድን መልክ ሲወጣ እናያለን። ከጥሩሩ ሥር ሥጋ አለ ማለት ነው፤ እኔም በዚህ ምክንያት ሰለስቲያሎቹን ከጋላክተስ ጎን አስቀምጣቸዋለሁ። የማርቭል ተፎካካሪ በሆነው የዲሲ ኮሚክ በኩል ያለው አምላክ መሰል ፍጡር ሜትሮን ግን፣ የዚያው የከርቢ ፍጥረት ቢሆንም፣ ጊዜንና ጠፈርን የሚሻገረው በሚጓዝበት ልዩ ወንበሩ ስለሆነ ከእነርሱ ጋር አይቆጠርም፤ የእርሱ የራሱ የሆነው እውቀቱ ነው።