ኤምማዝ የሚሉት አራተኛ ዓመት

እማዬ ዛሬ ደውላ «ጓደኞችሽ ሁሉ ተመርቀዋል፣ አንቺ ምን ቀረሽ?» አለችኝ። እዚህ እንግሊዝ የሒሳብ ዲግሪ ብዙ ጊዜ ሦስት ዓመት ነው። እኔ የምማረው ኤምማዝ (MMath) የሚባለው ዲግሪ ግን አራት ዓመት ሆኖ ማስተርሱ እዚያው ውስጥ ይካተታል፣ የመጨረሻው ዓመትም በመጀመሪያ ዲግሪው የተማሪ ብድር ስለሚሸፈን ለብቻው ማስተርስ ልማር ብሎ ገንዘብ ከማሯሯጥ ይገላግላል። «ብድሩን ማን ይከፍላል?» አለች። ወሬ ቀየርኩ።

ለማንኛውም ዛሬ ክላስ ውስጥ የጋልዋን ቲዎሪ፣ ማለትም የትኛው እኩልታ በፎርሙላ እንደሚፈታ የሚነግረውን የአልጀብራ ክፍል፣ ጨረስን። ሃይስኩል የሸመደድናት፣ ኤክስ ስኩዌር ያለበትን እኩልታ የምትፈታው የኳድራቲክ ፎርሙላ ትዝ ትላችኋለች? ለኤክስ ኪዩብም አለ፣ ኤክስ እስከ አራት ፓወር ለሚደርስበትም አለ፤ አምስት ፓወር ላይ ሲደረስ ግን በመደመር፣ በማባዛት፣ በማካፈልና ሥር በማውጣት ብቻ ሁሉንም የሚፈታ ፎርሙላ የለም። አልተገኘም ሳይሆን ሊኖር አይችልም! አስተማሪያችን ቾኩን አስቀምጦ ዝም ብሎ አየን፣ እኔ እውነት ለመናገር ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ጋልዋ ይህን ቲዎሪ አስቦ በ1832 (እ.ኤ.አ.) በዱኤል፣ ማለትም ሁለት ሰዎች ተቀጣጥረው በሚገጥሙት የሽጉጥ ፍልሚያ፣ ቆስሎ ሲሞት ገና 20 ዓመቱ ነበር። እኔን በ20 ዓመቴ የሊሚት ማረጋገጫዎቹ ኤፕሲሎንና ዴልታ ነበሩ የሚያስለቅሱኝ።

ነገ የፕሮጀክት አማካሪዬ ጋ ቀጠሮ አለኝ፣ ሁለተኛውን ምዕራፍ ገና አልነካሁትም። ቡና ላፍላ።