ከመስታወት ፊት የቆመው አብራሪ

ትናንት ማታ «ዲቮሽን» የተባለውን የ2022 እ.ኤ.አ. ፊልም አብሮኝ ሲያይ የነበረ ወዳጄ፣ ገና ግማሹ ላይ ሳንደርስ «የጦርነት ፊልም ነው አላልከኝም እንዴ?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው አግባብ ነበረው፤ የአሜሪካ ባሕር ኃይልን መሠረታዊ የበረራ ሥልጠና ካጠናቀቁ ጥቁር አሜሪካውያን የመጀመሪያ የሆነውን የጄሲ ብራውንን ታሪክ የሚተርከው ይህ ፊልም ወደ ኮሪያ ሰማይ ለመድረስ እጅግ ይዘገያል፤ በፈረንሳይዋ የካን ከተማ የሚታየው የእረፍት ትዕይንትማ ቢያጥር ማንም ባልከፋው።

ሆኖም ብራውን ብቻውን ከመስታወት ፊት ቆሞ ሰዎች የሰደቡትን ስድብ ሁሉ ለራሱ መልሶ የሚናገርበት ትዕይንት ከአየር ላይ ውጊያዎቹ በሙሉ ይበልጥብኛል። ካሜራው በመስታወቱ ቦታ ስለቆመ ተዋናዩ ጆናታን ሜጀርስ ስድቡን የሚናገረው ዓይን ዓይናችንን እያየ ነው፤ ተመልካቹ መሸሻ የለውም።

የአብራሪዎችን ሕይወት የሚተርኩ ፊልሞች ጀግናቸውን አብዛኛውን ጊዜ የሚመዝኑት በመታው ዒላማ ሲሆን፣ እዚህ ግን ሚዛኑ ሌላ ነው። በዲሴምበር 1950 ብራውን በበረዷማ ተራራ ላይ ሲወድቅ ወዳጁና የበረራ ጓዱ ቶም ሃድነር እርሱን ለማዳን የራሱን አውሮፕላን ሆን ብሎ በአጠገቡ መከስከሱ በእርግጥ የተፈጸመ ታሪክ ነው። ያም ሆኖ ይህን ያህል የደፈረው ሃድነር ከዚህ ወዳጅነት ውጭ ማን እንደነበረ ፊልሙ ብዙም አያሳየንም።